ኮምፓይለር ለየብቻ የተጻፉ የፕሮግራም ክፍሎችን እንዴት ፈልጎ ያገናኛል?

ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ በእያንዳንዱ ቅጽበት የት እንደሚገኝ የሚያሰላ ፕሮግራም ለመጻፍ ተነሣን እንበል። የአየር ግጭትም ይታከልበት፤ ያለዚያማ እርሳስና ወረቀት ይበቃን ነበር። የሚያስፈልገን የስሌት ዘዴ ሩንገ እና ኩታ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን የሂሳብ ሊቃውንት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ያበጁት ነው። ይህንኑ ዘዴ ከእኛ በፊት ሌላ ሰው በፕሮግራም መልክ ጽፎታል፤ ፈትኖታል፤ ስሕተቱንም ነቅሶ አውጥቶለታል። ስለዚህ እንደገና መጻፍ አይጠበቅብንም። በፕሮግራማችን ራስጌ ላይ ስሙን ጠርተን «ይህን እንጠቀማለን» ካልን የእኛ ድርሻ ሠላሳ መስመር ያህል ቢሆን ነው።

ኮምፓይለሩ የቀረውን ከየት ያመጣዋል? ፈልጎ ያመጣውስ ነገር እኛ ያሰብነው ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለው? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ቀላል ነው፤ ሲበላሽም ማሽኑ ራሱ ይነግረናል። ሁለተኛው ግን ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ድምፅ አያሰማም፤ ፕሮግራሙ ይሮጣል፤ ቁጥርም ያወጣል፤ ቁጥሩ ሐሰት ነው። በኮምፒዩተር ስሌት ተማምኖ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ ከሁለቱ ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው ይህኛው ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ ሰፊውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተናል።

አጠናቃሪ የሚለው ስም

ለየብቻ ተጽፈው የተፈተኑ ክፍሎችን ማገጣጠም ከኮምፒዩተር ጋር እኩል ዕድሜ ያለው ሥራ ነው። በእንግሊዝ ሀገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኤድሳክ የመጀመሪያ ስሌቱን ያከናወነው እ.ኤ.አ. በሜይ 6 ቀን 1949 ነበር። የማሽኑ ሥራ መሪ ሞሪስ ዊልክስና ባልደረቦቻቸው ብዙም ሳይቆዩ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ተጠቃሚው ሁሉ የቁጥርን ዳግም ዘር የሚያወጣ፣ ሳይን የሚያሰላ፣ ውጤት የሚያትም ትእዛዝ ከአዲስ እየጻፈ ሌላው ትናንት የሠራውን ስሕተት ዛሬ ይደግመዋል። ስለዚህ የተፈተኑ ንዑስ ፕሮግራሞችን በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ እያሰፈሩ ማስቀመጥ ጀመሩ። ተጠቃሚው የሚፈልገውን ጥብጣብ ካለበት አውጥቶ በራሱ ጥብጣብ ላይ በመሣሪያ ይገለብጠዋል። ዛሬ በፕሮግራም ዓለም «ላይብረሪ» የምንለው ነገር በዚያን ጊዜ በእጅ የሚዳሰስ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን መገልበጥ ብቻውን አይበቃም። አንድ ንዑስ ፕሮግራም በውስጡ «ወደ 15ኛው ትእዛዝ ዝለል» የሚል ቢኖረው፣ 15ኛው ከየት ተቆጥሮ ነው? ክፍሉ ብቻውን ሲጻፍ መጀመሪያው ዜሮ ነበር፤ በሌላ ፕሮግራም ጀርባ ሲገባ ግን መጀመሪያው 200 ወይም 317 ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ የዶክትሬት ተማሪ የነበሩት ዴቪድ ዊለር ለዚህ መፍትሔ የሚሆን 41 ትእዛዞች ብቻ ያሉት አጭር ፕሮግራም ጻፉ። ይህ ፕሮግራም ጥብጣቡን እያነበበ ወደ ማስታወሻ ሲጭን ለየአድራሻው የክፍሉን መነሻ እየደመረ ያስተካክለዋል። 15 የነበረው 215 ወይም 332 ይሆናል። ዛሬም ሊንከር እና ሎደር የሚባሉት ፕሮግራሞች ከሚያከናውኑት ሥራ አንዱ ይኸው ድመራ ነው።

በአሜሪካ ደግሞ ግሬስ ሆፐር የተባሉት የሂሳብ ባለሙያ ዩኒቫክ ለተባለው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1951 እና በ1952 ኤ-ዜሮ የሚል ስም ያለው ፕሮግራም አዘጋጁ። ፕሮግራሙ ከመግነጢሳዊ ቴፕ ላይ ንዑስ ፕሮግራሞችን በመለያቸው እየፈለገ ያወጣል፤ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ አድራሻቸውን ያስተካክላል። «ኮምፓይለር» ብለው የሰየሙት ይህንን ነው። ቃሉ በመጀመሪያ የተሰጠው ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ለሚተረጉም ፕሮግራም ሳይሆን፣ የተበታተነውን ለሚሰበስብ ነበር ማለት ነው። በነገራችን ላይ በአማርኛ የሙያ ቃላት ውስጥ ለኮምፓይለር የተሰጠው «አጠናቃሪ» የሚለው ስም ብዙዎች ትርጉሙ አልሰመረም እያሉ ሲተቹት እንሰማለን። ዜና ወይም መዝገበ ቃላት የሚያጠናቅር ሰው ከየቦታው ይለቅማልና፣ በእኛ አስተያየት ቃሉ የሆፐርን ሐሳብ በሚገባ ይዟል።

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው የመጀመሪያው ፎርትራን ሙሉውን ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ነበር የሚተረጉመው። አንድ መስመር ቢለወጥ ሁሉም እንደገና ይተረጎማል፤ የማሽን ጊዜ እጅግ ውድ በሆነበት ዘመን ይህ ከባድ ኪሣራ ነበር። በ1958 የወጣው ሁለተኛው ፎርትራን ንዑስ ፕሮግራሞችን ለየብቻ መተርጎም ቻለ። መተርጎምና ማገናኘት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሆኑ። የምንነጋገርበት ችግርም የተፈጠረው በዚሁ መለያየት ነው፤ ተርጓሚው አንዱን ክፍል ሲተረጉም ሌላውን አያይም፤ አገናኙ ሁለቱንም ሲያይ ደግሞ የመጀመሪያው ጽሑፍ በፊቱ የለም።

ሊንከሩ የሚያየው ስምን ብቻ ነው

አንድ ክፍል ተተርጉሞ ሲያበቃ ኦብጀክት ፋይል የሚባል ነገር ይወጣል። በውስጡ የማሽን ትእዛዞች አሉ፤ ከእነርሱም ጋር ሁለት የስም ዝርዝሮች ይገኛሉ። አንዱ «እኔ ዘንድ ያሉ» ስሞች ዝርዝር ነው፤ ሌላው «እኔ የሚጎድሉኝ»። በሁለተኛው ዝርዝር ለእያንዳንዱ ስም አድራሻው ሲታወቅ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚሞላ ተመልክቷል። ሊንከሩ ፋይሎቹን በሙሉ ይሰበስባል፤ የአንዱን ጉድለት በሌላው ሀብት ይሞላል። የተጠራ ስም ከየትም ካልተገኘ «ያልታወቀ ስም» ብሎ ሥራውን ያቆማል። አንድ ስም በሁለት ቦታ ተተርጉሞ ከተገኘም እንዲሁ ይጮኻል። ከዚህ ያለፈ ፍተሻ ከጥንታዊው ሊንከር አይጠበቅም። የተጠራው ንዑስ ፕሮግራም ስንት ግቤት እንደሚቀበል፣ ግቤቶቹም ሙሉ ቁጥር ይሁኑ የነጥብ ቁጥር አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም መልሱ በፋይሉ ውስጥ የለም።

ይህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በኳሳችን እንየው። ዋናው ፕሮግራም በፎርትራን 77 ተጽፎ የመሬትን የስበት ሽምጠት 9.8 በድርብ ትክክለኛነት፣ ማለትም በ8 ባይት ይዟል። በሌላ ፋይል ያለው ንዑስ ፕሮግራም ግን ሽምጠቱን በነጠላ ትክክለኛነት፣ ማለትም በ4 ባይት ይጠብቃል። ፎርትራን በተለመደው አሠራሩ ለንዑስ ፕሮግራሙ የሚያቀብለው ቁጥሩን ራሱን ሳይሆን ቁጥሩ የተቀመጠበትን አድራሻ ነው። ንዑስ ፕሮግራሙም ወደ አድራሻው ሄዶ የመጀመሪያዎቹን 4 ባይቶች አንሥቶ እንደ ነጠላ ቁጥር ያነባቸዋል። የኢንቴል ማሽኖች ባይቶችን ከጭራ ጀምረው ስለሚያስቀምጡ የሚነበበው የ9.8 ጅራት ነው። ስሌቱን ማንም ሠርቶ ሊያረጋግጠው ይችላል፤ ውጤቱ −1.59 × 10⁻²³ ያህል ይሆናል። ስበት ጠፋ ማለት ነው። ኳሱ ይወጣል፤ አይመለስም።

ይህስ ደግ ስሕተት ነው፤ ሥዕሉን ያየ ተማሪ ወዲያውኑ ይነቃል። በ1990ዎቹ በብዙ የፊዚክስ ቤተ ሙከራዎች ይገኙ እንደነበሩት የስፓርክ ማሽኖች ባይቶችን ከራስ ጀምሮ በሚያስቀምጥ ኮምፒዩተር ላይ ያው ፕሮግራም ቢሮጥ ግን የሚነበበው የ9.8 የፊተኛው ግማሽ ነው፤ እርሱም 2.556 ይሆናል። በጨረቃ ላይ ያለው ሽምጠት 1.62 ነው፤ በማርስ ላይ ያለው 3.7 ገደማ። 2.556 በሁለቱ መካከል የሚያርፍ፣ ለዓይን እንግዳ ያልሆነ ቁጥር ነው። ኳሱ ይወጣል፤ ይመለሳልም፤ የአየር ግጭት ባይኖር ከሚገባው 3.8 እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ። ስለ ኳስ ሁላችንም ልምድ አለን። ስለ ኮከብ ውስጣዊ ግፊት ወይም ስለ አንድ ሞለኪውል የኃይል ደረጃ ቢሆንስ ማን ይነቃ ነበር?

የፎርትራን ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ መከላከያቸውም በጣም ያስገርማል። ሊንከሩ የሚያየው ስምን ብቻ ከሆነ፣ ዓይነቱን ስሙ ውስጥ እናስገባው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ላፓክ የተባለው የሊኒየር አልጀብራ ስብስብ የየንዑስ ፕሮግራሙን ስም የመጀመሪያ ፊደል ለዚህ ተግባር አውሎታል፤ በ«ኤስ» የሚጀምረው ለነጠላ፣ በ«ዲ» የሚጀምረው ለድርብ ትክክለኛነት ነው። ፎርትራን 77 ለስም የሚፈቅደው ስድስት ፊደል ብቻ ስለነበረ አንዱን ለዚህ መስጠት ቀላል መሥዋዕትነት አልነበረም። ላፓክ ዛሬም በፓይተን የስሌት ጥቅሎች ሥር ሆኖ ይሠራል። ሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ ያንኑ ዘዴ ለሰው ሳይተው በኮምፓይለሩ ያሠራዋል፤ ለእያንዳንዱ ንዑስ ፕሮግራም ስም የግቤቶቹን ዓይነት የሚገልጹ ፊደላትን ቀጥሎ፣ ለሰው ዓይን የማይነበብ ረጅም ስም አድርጎ ለሊንከሩ ይሰጠዋል። ዓይነቱ ከተሳሳተ ስሙም ይለያያል፤ ሊንከሩም ሳያውቀው ዓይነት ፈታሽ ይሆናል።

አዳዲሶቹ የፎርትራን ኮምፓይለሮች ጠሪውና ተጠሪው በአንድ ፋይል ውስጥ ካሉ አለመጣጣሙን ያያሉ። በሁለት ፋይል ከተለያዩና ውል ካልተጻፈላቸው ግን ዛሬም ዝም ሊሉ ይችላሉ።

ውል ያለው ዩኒት

የተሻለው መንገድ ኮምፓይለሩ ራሱ የሌላውን ክፍል ውል አንብቦ እንዲተረጉም ማድረግ ነው። ይህን አሠራር በግልጽ ለማየት ከቱርቦ ፓስካል የተሻለ ምሳሌ አናውቅም፤ ከእኛ ትውልድ ብዙዎች የመጀመሪያ ፕሮግራማቸውን የጻፉበት ስለሆነ ብቻ ሳይሆን አሠራሩ ያልተደበቀ በመሆኑ ነው። ቱርቦ ፓስካል ዩኒት የሚባሉትን ለየብቻ የሚተረጎሙ ክፍሎች የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው አራተኛ እትሙ ነው። በነጻ የሚገኘው ፍሪ ፓስካል ያንኑ ሥርዓት እስከ ዛሬ ይዞታል።

ዩኒት ሁለት ክፍል አለው። «ኢንተርፌስ» የተባለው ለሌሎች የሚታየው ነው፤ በውስጡ የንዑስ ፕሮግራሞቹ ስም፣ የግቤቶቻቸው ብዛትና ዓይነት ይዘረዘራል። «ኢምፕሌመንቴሽን» የተባለው ሥራው የሚሠራበት ጓዳ ነው። ዩኒቱ ሲተረጎም የሚወጣው ፋይል የማሽን ትእዛዞችን ብቻ ሳይሆን የኢንተርፌሱንም ይዘት ይይዛል። የሌላ ዩኒት ስም በ«ዩዝስ» መግለጫ ሲጠራ ኮምፓይለሩ ያን ፋይል ፈልጎ ይከፍታል፤ ውሉን ወደ ራሱ የስም ሠንጠረዥ ይጭናል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጥሪ ከውሉ ጋር እያመሳከረ ይተረጉማል። ባለ 8 ባይቱን ቁጥር ባለ 4 ባይት ወደሚጠብቅ ቦታ ብንሰጠው እንደ ሁኔታው ወይ በሥርዓት ቀይሮ ያቀብላል ወይም «ዓይነቱ አይገጥምም» ብሎ ይቆማል። ጅራቱን ቆርጦ ዝም አይልም።

ፍለጋው ቋሚ ቅደም ተከተል አለው። ቱርቦ ፓስካል በመጀመሪያ የሚያየው ከራሱ ጋር የሚጫነውን የመደበኛ ዩኒቶች ስብስብ ነው። እዚያ ከሌለ የምንሠራበትን ዳይሬክቶሪ፣ ቀጥሎም በቅንብሩ ላይ «የዩኒት ዳይሬክቶሪዎች» ተብለው የተመዘገቡትን በተራ ያስሳል። ከአንድ በላይ ቢኖር የመጀመሪያው ያሸንፋል፤ ኮምፓይለሩ የተሻለውን ለመምረጥ ፍለጋውን አይቀጥልም። የፋይሉን ስም የሚያገኘው ከዩኒቱ ስም ነው። የዶስ ሥርዓት ከስምንት ፊደል በላይ ስለማይቀበልም ረዘም ያለውን ስም ስምንተኛው ላይ ይቆርጠዋል። የመጀመሪያ ስምንት ፊደላቸው አንድ የሆነ ሁለት ዩኒቶችን በአንድ ዳይሬክቶሪ ማኖር የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንድረስ። «ኳስ» የተባለው ዩኒት «ስሌት» የተባለውን ዩኒት ይጠቀማል፤ ሁለቱም ተተርጉመዋል። ከዚያ አንድ ሰው የ«ስሌት»ን ኢንተርፌስ ለወጠ፤ ለምሳሌ በሁለት ግቤቶች መካከል ሦስተኛ ጨመረ። «ስሌት» እንደገና ተተረጎመ፤ «ኳስ» ግን ትናንት በአሮጌው ውል እንደተተረጎመ ተቀምጧል። ስሞቹ ሁሉ ይገጥማሉ። ሁለቱ ቢገናኙ ውጤቱ ከፎርትራኑ ኳስ የተለየ አይሆንም።

ቱርቦ ፓስካል ይህን የሚከላከለው ከኢንተርፌሱ ይዘት አንድ ማመሳከሪያ ቁጥር በማውጣት ነው። ቁጥሩ የሚገኝበት መንገድ ለባሕረ ሐሳብ ተማሪ እንግዳ አይሆንም። ባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለሙን ለ19 ገድፎ ቀሪውን ይይዛል፤ ለምሳሌ የ2000 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7500 ለ19 ሲገደፍ 14 ይተርፋል፤ ከእርሱ አንድ ሲቀነስ የዓመቱ ወንበር 13 ይሆናል። በፍሪ ፓስካል ውስጥም የኢንተርፌሱ ጽሑፍ እንደ አንድ እጅግ ረጅም ቁጥር ተቆጥሮ በተወሰነ አካፋይ ይገደፋል፤ ቀሪው ይያዛል። የአካፈሉ ዘዴ ከተራው ማካፈል ቢለይም ሐሳቡ አንድ ነው። ልዩነቱ በአካፋዩ ትልቅነት ላይ ነው። ወንበር በየ19 ዓመቱ ይመለሳል፤ በ32 ቢት የተያዘ ቀሪ ግን ወደ 4.29 ቢሊዮን የሚጠጉ እሴቶች ስላሉት ሁለት የተለያዩ ውሎች በአጋጣሚ አንድ ቁጥር የማግኘታቸው ዕድል እጅግ ጠባብ ነው።

«ኳስ» ሲተረጎም «የተጠቀምኩበት የስሌት ውል ቁጥሩ ይህ ነበር» ብሎ በፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። በኋላ ሲጫን ቁጥሩ አሁን ካለው ጋር ይነጻጸራል፤ ካልገጠመ «የዩኒቱ እትም አይገጥምም» የሚል መልእክት ይወጣል፤ ወይም ምንጩ ካለ «ኳስ» እንደገና ይተረጎማል። በጓዳው፣ ማለትም በኢምፕሌመንቴሽኑ ላይ የሚደረግ ለውጥ ግን የውሉን ቁጥር አይነካውም፤ «ኳስ»ም መነካት የለበትም። አንድ ሺህ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበትን ስሌት አሻሽሎ አንዱንም እንደገና አለመተርጎም የሚቻለው በዚህ ነው። ተማሪዎች «ለምን ሁሉንም በአንድ ፋይል አንጽፍም?» ሲሉን የምንመልሰው ይህንኑ ነው።

ከዚሁ ሥርዓት የሚመነጭ አንድ ክልከላም አለ። «ሀ» በኢንተርፌሱ «ለ»ን ቢጠራ፣ «ለ»ም በኢንተርፌሱ «ሀ»ን ቢጠራ የማንኛቸውም ውል አስቀድሞ ሊዘጋጅ አይችልም፤ ኮምፓይለሩ ክብ መጠራራት ብሎ ይከለክለዋል። በጓዳ በኩል ቢጠራሩ ግን ይፈቅዳል፤ በዚያን ጊዜ ሁለቱም ውሎች ተዘጋጅተው አብቅተዋልና።

ቀን የሳተ ሰዓት

እንደገና መተርጎም ያለበትን ለመለየት ሌላው የተለመደ መንገድ የፋይሎችን ቀን ማወዳደር ነው። ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1976 የጻፉት «ሜክ» የተባለው ፕሮግራም የዚህ ዘዴ አባት ነው፤ ቱርቦ ፓስካልም በዚሁ ስም የሚጠራ ትእዛዝ ነበረው። ሕጉ አጭር ነው፤ የምንጩ ጽሑፍ ቀን ከተተረጎመው ፋይል ቀን በኋላ ከሆነ እንደገና ተርጉም።

ሕጉ ሰዓቱን ያምናል። ባትሪያቸው ያለቀ አሮጌ የግል ኮምፒዩተሮች መብራት ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር ቀናቸውን ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ሲመልሱ ያየ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን መገመት ይችላል። ተማሪው ስሕተቱን ያርማል፤ የታረመው ፋይል የ1980 ቀን ይታተምበታል፤ ትናንት የተተረጎመው ፋይል ግን የ1990ዎቹን ቀን ይዟል። ስለዚህ ምንጩ «አሮጌ» ነው፤ አይተረጎምም። ፕሮግራሙ ያንኑ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል፤ ተማሪውም ትክክለኛውን እርማት «አልሠራም» ብሎ ያጠፋዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሉንም ያለ ጥያቄ እንደገና እንዲተረጉም ማዘዝ ብቸኛው ማምለጫ ነው። በውል ቁጥር ማመሳከርና በቀን ማወዳደር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ አንደኛው የፋይሉን ይዘት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው የፋይሉን ዕድሜ።

ስሙ አንድ፣ ፋይሉ ሁለት

የዛሬ ተማሪ በብዛት የሚጽፈው በፓይተን ነው፤ ፍለጋው ግን ያው ነው። ፓይተን አንድ ክፍል እንዲጫን ሲታዘዝ በውስጡ አብረውት የተሠሩትን ጥቂት ክፍሎች ካየ በኋላ በተራ የሚያስሳቸው የዳይሬክቶሪዎች ዝርዝር አለው፤ በዝርዝሩ አናት ላይ በተለመደው አሠራር የተማሪው ፕሮግራም ራሱ ያለበት ዳይሬክቶሪ ይገኛል። የመደበኛው ላይብረሪ ተራ ከዚያ በኋላ ነው። የዕድል ቁጥሮችን የሚያመነጨውን «ራንደም» የተባለ ክፍል ለመለማመድ የፈለገ ተማሪ የልምምድ ፋይሉን ራሱን «ራንደም» ብሎ ቢሰይመው፣ ፕሮግራሙ ላይብረሪውን ሲጠራ የሚያገኘው ራሱን ነው። በዚያው ዳይሬክቶሪ ያሉ ሌሎች ፕሮግራሞችም እንዲሁ ይሳሳታሉ። ቱርቦ ፓስካል የራሱን ስብስብ አስቀድሞ ያይ ስለነበር ይህ ዓይነቱ መጋረድ በመደበኛ ዩኒቶቹ ላይ አይደርስም ነበር። ከሁለቱ የቱ ይሻላል? የመጀመሪያው ነጻነት ይሰጣል፤ ሁለተኛው ጥበቃ። ለጀማሪ ተማሪ ሁለተኛውን እንመርጣለን።

የስም ነገር ሌላም ወጥመድ አለው። ፓስካል በስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም፤ ዶስም አይለይም ነበር። ሊነክስ ግን ይለያል። ለእኛ አንባብያን ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአማርኛ አንባቢ አንድ ቃል ናቸው፤ ፊደል በፊደል ለሚያነጻጽር ማሽን ግን የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። ፍሪ ፓስካል በሊነክስ ላይ ይህን የሚያልፈው በሦስት ሙከራ ነው፤ ስሙን መጀመሪያ እንደተጻፈው፣ ቀጥሎ በትንንሽ ፊደላት ብቻ፣ በመጨረሻም በትልልቅ ፊደላት ብቻ ይፈልጋል። ትልቅና ትንሽ ተደባልቆ የተሰየመ ፋይል ታዲያ በዊንዶውስ ላይ ይገኝና በሊነክስ ላይ ይጠፋል፤ ፕሮግራሙን ከቤቱ ኮምፒዩተር ወደ ቤተ ሙከራው ያመጣው ተማሪም ግራ ይጋባል።

ውሉ የማይጽፈው

እስካሁን ያየናቸው መከላከያዎች ሁሉ የሚፈትሹት ስምን፣ ብዛትን፣ ዓይነትን እና እትምን ነው። ለፊዚክስ ተማሪ ግን ቁጥር ያለ መለኪያ አሐዱ ትርጉም የለውም፤ 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው ወይስ ሌላ? በተለመዱት ቋንቋዎች ውል ላይ ግን ሁለቱም «የነጥብ ቁጥር» ከመባል አያልፉም።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 11 ቀን 1998 የተወነጨፈችው ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለች የናሳ መንኮራኩር የጠፋችው በዚህ ክፍተት ነው። መንኮራኩሯ በጉዞ ላይ ሳለች በትንንሽ ሮኬቶቿ አቋሟን ታስተካክል ነበር። በምድር ላይ ያለ አንድ ፕሮግራም ሮኬቶቹ የሰጡትን ግፊት አስልቶ በፋይል ያስቀምጣል፤ መንገዷን የሚተነብየው ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ፋይሉን ያነባል። ጸሐፊው ፕሮግራም ቁጥሩን ያወጣ የነበረው በፓውንድ-ፎርስ ሰከንድ ነው፤ አንባቢው የሚጠብቀው በኒውተን ሰከንድ ነበር። አንዱ ከሌላው 4.45 ጊዜ ይበልጣል። ፋይሉ ተገኝቷል፤ ተከፍቷል፤ ቁጥሮቹም በቅርጻቸው ትክክል ነበሩ። በሴፕቴምበር 23 ቀን 1999 መንኮራኩሯ ማርስ ስትደርስ በ226 ኪሎ ሜትር ከፍታ ታልፋለች ተብሎ ታስቦ ነበር። በኋላ በተሠራው ስሌት የወረደችበት ከፍታ 57 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ያም የማርስ ከባቢ አየር ውስጥ ነው።

ዛሬ ኤፍ ሻርፕ የተባለውን የመሰሉ ቋንቋዎች የመለኪያ አሐዱን የዓይነቱ አካል አድርገው ይይዙታል፤ በእነርሱ ዘንድ ኒውተን ሰከንድን በሚጠብቅ ግቤት ላይ ፓውንድ-ፎርስ ሰከንድ ቢሰጥ ኮምፓይለሩ አይተረጉምም። የኦርቢተሯ ሁለት ፕሮግራሞች ግን የተገናኙት በሊንከር ሳይሆን በቁጥር ፋይል ስለነበር በዚህ ቋንቋ ቢጻፉም ኮምፓይለሩ በመካከላቸው አይቆምም ነበር። በሁለቱ መካከል የነበረው ውል በወረቀት ላይ የሰፈረ የመግባቢያ ሰነድ ነው። ሰነዱም መለኪያው ኒውተን ሰከንድ እንዲሆን ያዝዝ ነበር።